ብሩኔልና በአሸዋ ላይ የቀረችው መርከብ

የአንድ መሐንዲስ ስም ከዘመኑ አልፎ ለትውልድ የሚተላለፈው ብዙውን ጊዜ ሠርቶ ባቆመው ድልድይ፣ ባነጠፈው ሐዲድ ወይም ባንሳፈፈው መርከብ ነው። የተፈጸመው ሥራ በሥዕልና በሐውልት ይታወሳል፤ ሥራው አደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ መሐንዲሱ ያደረገው ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁን እንጂ የሙያ ችሎታና የሙያ ኅሊና ከሁሉም ይልቅ የሚፈተኑት በዚያን ጊዜ ነው። የዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ መሐንዲስ የነበረው የኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል ሕይወት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ብሩኔል በሐዲዶቹና በድልድዮቹ የታወቀ ቢሆንም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 1846 እስከ ኦገስት 1847 ድረስ በአየርላንድ የአሸዋ ዳርቻ ላይ ወድቃ ስለ ነበረችው መርከቡ የተደረገው ትግል ከታላላቅ ሥራዎቹ የማያንስ ትምህርት ያለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ብሩኔል ኤፕሪል 9 ቀን 1806 በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ማርክ ኢሳምባርድ ብሩኔል በትውልዱ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ የፈረንሳይን አብዮት ሸሽቶ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ፣ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ የተሻገረ መሐንዲስ ነበር። በፖርትስመዝ ወደብ ለመርከብ ገመድ የሚያገለግሉትን መዘውሮች በብዛት የሚያመርቱ መኪናዎችን በመንደፍ ስሙ ታውቋል። እናቱ ሶፊያ ኪንግደም እንግሊዛዊት ነበረች፤ የልጁ ሁለተኛ ስምም ከእርሷ ቤተ ሰብ የተወሰደ ነው።

ልጁ ሥዕልንና ጂኦሜትሪን የተማረው በመጀመሪያ ከአባቱ ነው። በዐሥራ አራት ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ ተልኮ በካንና በፓሪስ ከተሞች ትምህርቱን ተከታተለ፤ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው የሰዓት ሠሪ የአብርሃም ሉዊ ብሬጌ ዘንድም ጥቂት ጊዜ የሥራ ልምምድ አደረገ። እርሱ በትምህርት ላይ ሳለ በ1821 አባቱ በዕዳ ተይዞ ለንደን ውስጥ ታሰረ። ከወራት በኋላ መንግሥት ዕዳውን በመክፈሉ ቢፈታም፣ ነገሩ ለልጁ የማይረሳ ትምህርት ሆነ። የረቀቀ የፈጠራ ችሎታ ያለው ሰው ገንዘቡን በወጉ ካልያዘ ሥራው ራሱን ሊያድነው እንደማይችል ገና በወጣትነቱ ተመለከተ።

ከወንዝ በታች

በ1825 ማርክ ብሩኔል በለንደን ከቴምዝ ወንዝ በታች ዋሻ መቆፈር ጀመረ። መርከብ በሚመላለስበት ወንዝ ሥር እንዲህ ያለ መተላለፊያ ከዚያ በፊት በየትም አገር ተሠርቶ አያውቅም ነበር። ልጁ ገና ሃያ ዓመት እንደ ሞላው ሥራውን በቦታው ሆኖ የሚመራ መሐንዲስ ሆነ። መሬቱ ልልና ውሃ የሚያሳልፍ ስለ ነበረ በሜይ 1827 ወንዙ ጣራውን ቀዶ ገባና ዋሻውን አጥለቀለቀው።

ወጣቱ ብሩኔል በደወል ቅርጽ በተሠራ የመጥለቂያ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ወደ ወንዙ ወለል ወረደና ጉድጓዱን በዓይኑ መረመረ። ከዚያም የሸክላ አፈር የተሞሉ እጅግ ብዙ ከረጢቶች እየተጣሉ ቀዳዳው እንዲደፈን አደረገ። ሸክላው ከውሃው ክብደት በታች እየተጨመቀ የቦታውን ቅርጽ በመያዝ ወንዙን አገደ። በጃንዋሪ 1828 ግን ውሃው ዳግመኛ ገባና ስድስት ሠራተኞች ሞቱ፤ ብሩኔል ራሱም ተጎድቶ ለጥቂት ተረፈ። ሥራው ለብዙ ዓመታት ከቆመ በኋላ ቀጥሎ ዋሻው በ1843 ተከፈተ። ብሩኔል ከዚህ ሥራ ይዞት የወጣው እውቀት ኋላ ለመርከቡ አገልግሎታል። ይኸውም ውሃ በጥንካሬ ብቻ እንደማይመከት፣ አንዳንድ ጊዜም ለስላሳና የሚታዘዝ ነገር ከብረት የተሻለ እንደሚያግድ ማወቁ ነው።

ከሐዲድ ወደ ባሕር

ብሩኔል ከደረሰበት ጉዳት ሲያገግም ከብሪስቶል ከተማ ጋር ተዋወቀ። በዚያም በኤቨን ወንዝ ገደል ላይ ለሚሠራው የክሊፍተን ተንጠልጣይ ድልድይ ያቀረበው ንድፍ በ1831 ተመረጠ። በ1833 ደግሞ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ ከለንደን እስከ ብሪስቶል ለሚዘረጋው የግሬት ዌስተርን ምድር ባቡር መሐንዲስ ሆኖ ተሾመ። መስመሩን ራሱ ቀየሰ፤ ድልድዮቹን፣ ዋሻዎቹንና ጣቢያዎቹን ነደፈ። የሐዲዱ ስፋት ከሌሎቹ ባቡሮች በእጅጉ የሚበልጥ፣ ሁለት ሜትር ከዐሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። መስመሩ በ1841 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ።

ለብሩኔል ግን ብሪስቶል የመንገዱ መጨረሻ አልነበረችም፤ ጉዞው በባሕር ላይ እስከ ኒውዮርክ መቀጠል እንዳለበት አመነ። በዚያን ዘመን ብዙዎች በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ውቅያኖሱን ለመሻገር የሚበቃ የድንጋይ ከሰል ሊሸከም አይችልም ይሉ ነበር። ብሩኔል ጉዳዩን በስሌት አየው። የመርከብ መጠን ሲያድግ የመጫን አቅሟ በርዝመቷ ኩብ መጠን ይጨምራል፤ ውሃው የሚያደርስባት ተቃውሞ ግን የሚያድገው በካሬው መጠን ነው። ስለዚህ መርከቧ በቂ ትልቀት ካላት የሚያሻግራት ከሰል አይጠፋም። በዚህ ሐሳብ የተሠራችው ግሬት ዌስተርን የተባለችው የእንጨት መርከብ በ1838 በዐሥራ አምስት ቀን ኒውዮርክ ደረሰች፤ ጥቂት የማይባል ከሰልም ተርፏት ነበር።

ሁለተኛዋ መርከብ ግሬት ብሪትን ተባለች። መሠረቷ በ1839 በብሪስቶል ሲጣል ከእንጨት ይልቅ በብረት እንድትሠራ ተወሰነ። ጥቂት ቆይቶም ብሩኔል በጎንና በጎን የሚሽከረከሩትን የመቅዘፊያ መንኰራኵሮች ትቶ በኋላዋ በኩል ፕሮፔለር እንዲገጠምላት አደረገ። ርዝመቷ 98 ሜትር ሲሆን በጁላይ 19 ቀን 1843 ወደ ውሃ ስትወጣ ከዓለም መርከቦች ሁሉ ትልቋ ነበረች። በ1845 ባደረገችው የመጀመሪያ ጉዞም አትላንቲክን የተሻገረች የመጀመሪያዪቱ ባለ ፕሮፔለር የብረት መርከብ ሆነች። ከውስጧ ውሃ በማያሳልፉ አምስት የብረት ግድግዳዎች ተከፋፍላ ነበር፤ ከወለሏ በታችም ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቁ ዐሥር የብረት ተሸካሚዎች ነበሯት። ይህ ሁሉ ብርታት በመርከቢቱ ላይ የተጨመረው በቅዠት ሳይሆን፣ ረጅም መርከብ በሁለት ማዕበል ራስ ላይ ስትቀመጥ እንደ ድልድይ ክብደቷን ልትሸከም እንደሚገባት ብሩኔል ከድልድይ ሥራ ስለ ተረዳ ነው።

የደንድረም ሌሊት

ሴፕቴምበር 22 ቀን 1846 ግሬት ብሪትን 180 ያህል መንገደኞችን ይዛ ከሊቨርፑል ወደ ኒውዮርክ ተነሣች። አዛዥዋ ካፒቴን ጄምስ ሆስክን ነበር። ሌሊቱ ጨለማ ነበረ፤ መርከቢቱም ከታሰበው በላይ ፈጥና ሄዳ ነበር። ካፒቴኑ በሰሜን ምሥራቅ አየርላንድ በሴንት ጆን አፍ ላይ የተሠራውን የመብራት ማማ የማን ደሴት መብራት ነው ብሎ አሰበ። ይህ መብራት በቅርብ ጊዜ የተሠራ ሲሆን በያዘው የባሕር ካርታ ላይ አልተመለከተም ነበር። የመርከቧ ብረት ኮምፓሱን አሳስቶት ይሆናል ያሉም አልጠፉም። መርከቢቱ በዚህ ስሕተት አቅጣጫዋን ለውጣ በሙሉ ፍጥነት በደንድረም ወሽመጥ የአሸዋ ዳርቻ ላይ ወጣችና ቆመች።

በሌሊቱ ማዕበል መንገደኞቹ ታላቅ ፍርሃት አደረባቸው፤ ነገር ግን የሞተ አልነበረም። ሲነጋና ባሕሩ ሲጎድል ሁሉም በደህና ወደ የብስ ወረዱ። የመርከቢቱ ችግር የጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የችግሩን ጠባይ ለመረዳት የዚያን ባሕር ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአየርላንድ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ደግሞ ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። በአሸዋ ላይ የተቀመጠች መርከብ ክብደቷን የሚሸከሙላት ሁለት ናቸው፤ ከፊሉን ውሃው ወደ ላይ በሚገፋበት ኃይል፣ ቀሪውንም መሬቱ ይሸከማል። ውሃው ሲሞላ የመሬቱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ሲጎድል ይጨምራል። መርከቢቱን ጎትቶ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይልም በመሬቱ ላይ ባረፈው ክብደትና በአሸዋውና በብረቱ መካከል ባለው ሰበቃ ይወሰናል። ስለዚህ የመጎተቻው ሰዓት የታላቁ ሙላት ሰዓት ነው።

ነገር ግን ሙላቱ ራሱ ጠላትም ነው። ማዕበል በመጣ ቁጥር መርከቢቱን በጥቂቱ ያነሣትና መልሶ በአሸዋው ወይም በሥሩ ባለው ድንጋይ ላይ ይጥላታል፤ ወለሏ በየቀኑ ይቀጠቀጣል። ከጎኗ ጋር የሚጋጨው ማዕበልም ኃይሉ ወደ ታች እየዞረ አሸዋውን ይቦረቡራል። በዚህ የተነሣ መርከቢቱ በራሷ ክብደት እየሰመጠች ትሄዳለች።

የመጀመሪያው ጥያቄ

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ መርከቢቱ ከወደቀች በኋላ ምክርና ወቀሳ ከየአቅጣጫው መጣ። የብረት መርከብን ሐሳብ ከመጀመሪያውም ያልወደዱ ሰዎች ትንቢታቸው የተፈጸመ መሰላቸው። ባለንብረቱ የመርከብ ኩባንያ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረውን የቅርብ ሰውና የብሩኔልን ወዳጅ ካፒቴን ክሪስቶፈር ክላክስተንን ወደ ቦታው ላከ። መርከቢቱን በዚያው መኸር አንሳፍፎ ለመመለስ ቢሞከርም አልተቻለም። ከማዕበል እንዲጋርዳት ተብሎ በእንጨት የተሠራው አጥርም በወጀብ ተወሰደ። ከዚህ በኋላ የባለንብረቶቹ ተስፋ እየመነመነ ሄደ፤ የአውሮፓ ክረምት ሲገባም መርከቢቱ ያለ በቂ ጥበቃ በዳርቻው ላይ ቀረች።

ብሩኔል ወደ ደንድረም የመጣው በዲሴምበር 1846 ነው። ያየው ነገር አሳዘነው፤ አስቆጣውም። የመርከቢቱ ወለል በአንዳንድ ቦታ ተጎድቶ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው አካሏ ግን አልተጣመመም፤ አልተሰበረምም። ከሁለት ወር በላይ በማዕበል እየተመታች ቅርጿን እንደ ያዘች ነበረች። በእርሱ ግምት በዚህ ሁኔታ ያለች የእንጨት መርከብ ብትሆን ኖሮ ቀደም ሲል በተበታተነች ነበር። እንግዲህ የጠፋ ነገር የለም፤ የሚጠፋው ግን ዝም ከተባለ ነው።

ለኩባንያው ዲሬክተሮች ባቀረበው ሪፖርት ብሩኔል ሁለት ጥያቄዎችን ለያየ። አንደኛው መርከቢቱ እንዴት ትንሳፈፍ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው እስክትንሳፈፍ ድረስ እንዴት ትቆይ የሚለው ነው። ሁሉም ሰው ስለ መጀመሪያው ይጨነቅ ነበር። ብሩኔል ግን በዚያ ክረምት የማንሳፈፍን ነገር ጨርሶ መተው እንደሚገባ፣ ገንዘቡና ጉልበቱ ሁሉ በጥበቃው ላይ መዋል እንዳለበት አመለከተ። ጥበቃው ካልተሳካ የማንሳፈፊያ ዕቅድ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከተሳካ ግን ለማንሳፈፍ የሚበቃ ጊዜ በበጋ ይገኛል። ምክሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ተስፋ የቆረጠ ባለንብረት የሚፈልገው ፈጣን መፍትሔ እንጂ፣ ለወራት ፍሬው የማይታይ ወጪ አይደለም። መሐንዲሱ ያን ጊዜ ለደንበኞቹ ያቀረበው ሊሰሙት የሚወዱትን ሳይሆን ሊያደርጉት የሚገባውን ነበር።

የጭራሮው መከታ

ጥበቃው በምን ይደረግ ለሚለው የብሩኔል መልስ ብዙዎችን አስገርሟል። የዘመኑ ታላቅ የብረት ሥራ መሐንዲስ ያዘዘው ብረት ወይም ግንብ ሳይሆን ጭራሮ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ የጭራሮ እስሮች ወደ ዳርቻው እንዲመጡ፣ በባሕሩ በኩል በመርከቢቱ ጎንና በኋላዋ ዙሪያ እንዲደረደሩ፣ በብረት ዘንጎች እርስ በርሳቸው እንዲጋጠሙ፣ በሰንሰለት እንዲታሰሩና በድንጋይ፣ በብረትና በአሸዋ ከረጢት እንዲጫኑ አደረገ።

የሐሳቡ መሠረት ከቴምዝ ዋሻ ጀምሮ የሚያውቀው ነው። ጠጣር አጥር የማዕበሉን ኃይል በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ወይ ይሰበራል ወይም ማዕበሉን መልሶ የሥሩን አሸዋ ያስጠርጋል። የጭራሮ ክምር ግን ይሰጣል፤ ውሃው በቀንጦቹ መካከል እየገባ ኃይሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጠፋል። ውሃው ሲዝል የተሸከመው አሸዋ በመካከሉ ይቀራል፤ ክምሩም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአበው ተረት ለዚህ ሥራ ቃል በቃል ይስማማል።

ሥራውን በዳርቻው ሆኖ የመራው ክላክስተን ነው። ብርድ፣ ወጀብና ሌሊት የማይለየው አድካሚ ሥራ ነበር። በመጀመሪያ የተደረደሩትን እስሮች ባሕሩ ጠርጎ ወሰዳቸው፤ ክላክስተንም ዘዴው የማይሠራ መስሎት ተጨነቀ። ብሩኔል ግን ስሕተቱ በዘዴው ሳይሆን በመጠኑ ነው ብሎ ፈረደ። እስሮቹ ጥቂት ስለ ነበሩና በበቂ ስላልተጫኑ እንጂ በሌላ ምክንያት አልተወሰዱም፤ መድኃኒቱም ሌላ ዘዴ መፈለግ ሳይሆን እጅግ ብዙ አድርጎ መጨመር ነው። በዓለም ላይ ከሚበላሹት ሥራዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት ከሚያስፈልገው በጥቂቱ ያነሰ ስለሚደረግላቸው መሆኑን ለወዳጁ አስረዳው። ክላክስተንም ጨመረ። ክምሩ ከፍ አለ፤ ጸና፤ የክረምቱም ወጀብ በእርሱ ላይ ደከመ። ጸደይ ሲገባ መርከቢቱ በቦታዋ ነበረች።

ማንሣትና ማንሳፈፍ

ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ሙያ አስፈለገ። በ1847 ኩባንያው ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ ጄምስ ብሬምነርን ከልጁ ጋር አስመጣ። ብሬምነር ወደብ ሠሪ ሲሆን በሕይወቱ ከ200 በላይ የወደቁ መርከቦችን ያዳነ ሰው ነው። ብሩኔል በማንሳፈፉ ሥራ ላይ ራሱን በዚህ ሰው ፊት አላስቀደመም። ታላቅ ስም ያለው መሐንዲስ የባሕርን ጠባይ በልምድ ለሚያውቅ ሰው ቦታ መልቀቁ ራሱ ትምህርት ነው።

መርከቢቱ አሸዋው ውስጥ ገብታ ስለ ነበረ ወለሏን ለመጠገን መጀመሪያ ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። በግራና በቀኟ በአሸዋ የተሞሉ ከባድ ሣጥኖች በሰንሰለትና በመዘውር ተንጠለጠሉ። ባሕሩ ሲሞላ መርከቢቱ ስትቀል የሣጥኖቹ ክብደት ወደ ታች እየወረደ እርሷን ወደ ላይ ይስባት ነበር። ከዛፍ ግንድ የተሠሩ ረዣዥም መፈንቅሎችም ያግዙ ነበር። በእያንዳንዱ ሙላት የተገኘችው ከፍታ ትንሽ ብትሆንም እንዳትመለስ ወዲያው ከሥሯ ድንጋይና ሽብልቅ ይገባ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በአንድ ጊዜ በምንም ኃይል የማይነሣው ክብደት በብዙ ሙላት ተነሣ። ከዚያም ከሥሯ ገብተው የተቀደደውን ወለል ጠገኑ፤ ወደ ጥልቁ ውሃ የሚያወጣ ቦይም ተቆፈረ።

በኦገስት 1847 መጨረሻ፣ በታላቁ ሙላት ጊዜ፣ ስከርጅና በርከንሄድ የተባሉት የባሕር ኃይል መርከቦች በጎተቱ ጊዜ ግሬት ብሪትን ከአሸዋው ተላቅቃ ተንሳፈፈች። ውሃ መግባቱ ጨርሶ አልቆመም ነበርና ሰዎች ያለ ዕረፍት በፓምፕ እየቀዱ ወደ ሊቨርፑል አደረሷት። በዳርቻው ላይ ዐሥራ አንድ ወር ቆይታ ነበር።

የድሉ ዋጋ

ስለዚህ ድል የሚነገረው ነገር ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። መርከቢቱን ለማንሣት የወጣው ገንዘብ 34,000 ፓውንድ ያህል ሲሆን የገባችበት መድን 17,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። ኩባንያው እኅቷን ግሬት ዌስተርንን በዚያው ዓመት ለመሸጥ ተገደደ። ግሬት ብሪትንም ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ ጠፍቶ በሊቨርፑል ቆመች፤ በ1850 ከተሠራችበት ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ለሌሎች ባለንብረቶች ተሸጠች። መርከቢቱ ዳነች፤ ያሠራት ኩባንያ ግን ሞተ። መሐንዲስ ለሥራው ብርታት የሚያደርገውን ጥንቃቄ ያህል ባለንብረቱ ለአደጋ ቀን ገንዘብና መድን ካላዘጋጀ፣ የዳነው ንብረት ለሌላ ሰው ርስት ይሆናል።

አዲሶቹ ባለንብረቶች መርከቢቱን አድሰው ከ1852 ጀምሮ ወደ አውስትራሊያ መንገደኞችን አመላለሱባት። ሃያ ዓመት ያህል በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን አሻገረች፤ በክሪሚያ ጦርነትም ወታደሮችን አጓጉዛለች። በደንድረም ለቁራጭ ብረት ልትሸጥ ትችል የነበረችው መርከብ የአገልግሎት ዘመኗን አብዛኛ ክፍል የፈጸመችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ትምህርቱ በኋለኛው ሥራ

ብሩኔል ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖረ። ሥራው ሁሉ አልተሳካም። በደቡብ ዴቨን ባቡርን በአየር ግፊት ለመንዳት የዘረጋው መስመር በ1848 ሳይሳካ ቀረ፤ እርሱም ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ እንዲተው ራሱ መከረ። በደንድረም ጸንቶ መጨመርን የመረጠው ሰው በዴቨን ማቆምን መረጠ። ሁለቱ ውሳኔዎች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ምክንያታቸው ግን አንድ ነው። በመጀመሪያው የሥራው መሠረት ደህና ሆኖ መጠኑ ብቻ አንሶ ነበር፤ በሁለተኛው መጠኑ ሳይሆን መሠረቱ አልበቃም። እነዚህን ሁለቱን መለየት ከመሐንዲስ ፍርድ ሁሉ ዋነኛው ነው።

ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ መርከቡ ግሬት ኢስተርን 211 ሜትር ርዝመት ነበራት። በዚህች መርከብ ላይ የደንድረም ትምህርት በግልጥ ይታያል። ወለሏና ጎኗ እስከ ውሃው መስመር ድረስ ድርብ ሆኖ ተሠራ፤ ይኸውም የውጪው ብረት ቢቀደድ የውስጠኛው ውሃውን እንዲያግድ ነው። ወደ ቴምዝ ወንዝ በጎኗ ለማስገባት የተደረገው ሙከራ በኖቬምበር 1857 ቢጀመርም፣ መርከቢቱ አልንቀሳቀስ ብላ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ በውሃ ግፊት በሚሠሩ መግፊያዎች በጥቂት በጥቂቱ እየተገፋች በጃንዋሪ 31 ቀን 1858 በታላቅ ሙላት ተንሳፈፈች። ይህ ድካም የብሩኔልን ጤና ሰበረው። በሴፕቴምበር 1859 መጀመሪያ በመርከቢቱ ላይ ሳለ ሕመም ጣለው፤ ሴፕቴምበር 15 ቀን በ53 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1862፣ ግሬት ኢስተርን ኒውዮርክ አጠገብ በካርታ ላይ ካልታወቀ ድንጋይ ጋር ተጋጨች። የውጪው ወለሏ 25 ሜትር ያህል ተቀደደ። ውስጠኛው ወለል ግን ስላልተነካ በራሷ ኃይል ወደብ ገባች። የሞተ ሰው አልነበረም። ብሩኔል ይህን ሳያይ ቢሞትም፣ የካርታ ስሕተት ዳግመኛ በመጣ ጊዜ ንድፉ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። የክሊፍተን ድልድይም ለመታሰቢያው በሙያ ባልደረቦቹ ጥረት በ1864 ተፈጸመ።

የሁለተኛው መዳን

የግሬት ብሪትን ታሪክ ግን ገና አላለቀም ነበር። በ1882 መኪናዋ ወጥቶ በሸራ ብቻ የምትሄድ ጭነት መርከብ ሆነች። በ1886 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በወጀብ ተጎድታ ወደ ፎክላንድ ደሴቶች ገባች፤ በዚያም የሱፍና የከሰል መጋዘን ሆና ለብዙ ዓመታት አገለገለች። በ1937 በስፓሮው ወሽመጥ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ወለሏ ተበስቶ ተተወች።

በ1970 የመርከብ ንድፍ ሊቅ በነበረው በዩዋን ኮርሌት አነሣሽነት የዳኑ ቡድን ወደ ደሴቶቹ ሄደ። ቀዳዳዎቿ ተደፈኑ፤ በጎኗ በኩል የተሰነጠቀው ትልቁ ስንጥቅ ከደሴቲቱ ነዋሪዎች በተገኙ አሮጌ ፍራሾች ተወተፈ፤ ውሃው ተቀድቶ ወጣ፤ እርሷም በምትሰምጥና በምትነሣ ሰፊ የጭነት መደብ ላይ ተጫነች። በጁላይ 19 ቀን 1970፣ መጀመሪያ ወደ ውሃ ከወጣችበት ዕለት ልክ 127 ዓመት በኋላ፣ ወደ ተሠራችበት የብሪስቶል ዶክ ተመለሰች። ዛሬ በዚያው ቤተ መዘክር ናት። ጭራሮው በፍራሽ ተተካ እንጂ የሐሳቡ መሠረት አልተለወጠም።

ለሙያው የቀረው ትምህርት

ከብሩኔል የደንድረም ሥራ ለማንኛውም መሐንዲስ የሚተርፉ ጥቂት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ሥራ ሲወድቅ ከመጠገን በፊት ጉዳቱ እንዳይሰፋ ማድረግ ነው። ዛሬም በመርከብ ማዳን ሙያ ውስጥ በዳርቻ ላይ የወጣች መርከብ ወዲያው ለመጎተት ከመሞከር በፊት በቦታዋ እንድትጸና ይደረጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ማዕበል እንዳያነሣት ሆን ተብሎ ውሃ ይሞላባታል። ሁለተኛው፣ የተፈጥሮን ኃይል ፊት ለፊት ከመግጠም ማድከም፣ ከዚያም ለራስ ሥራ ማዋል ይሻላል። መርከቢቱን በአሸዋ ላይ የቀጠቀጣት ሙላት ነበር፤ ያነሣትም ያው ሙላት ነው። ሦስተኛው፣ ዘዴ አልሠራም ብሎ ከመጣል በፊት በበቂ መጠን መሞከሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አራተኛው፣ በደህና ቀን የሚጨመር ብርታት እንደ ብክነት ቢታይም በክፉ ቀን ዋጋው ይታወቃል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። በ1846 ክረምት ብሩኔል በምድር ባቡር ሥራ ተጠምዶ ነበር። መርከቢቱ ከእጁ ከወጣች ቆይታለች፤ ወደ አሸዋውም የመራት እርሱ አይደለም። ጉዳዩ የካፒቴኑ፣ የካርታ ሠሪው ወይም የኩባንያው ነው ብሎ ሊተወው ይችል ነበር። እርሱ ግን ወደ ዳርቻው ሄዶ መርከቢቱን በዓይኑ መረመረ፤ ያየውን ሳይሸሽግ ጻፈ፤ መከታውም እስኪጸና ድረስ ወዳጁን ማበርታት አልተወም። መሐንዲስ ለሠራው ነገር ያለበት ኃላፊነት በርክክብ ቀን እንደማያበቃ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።